ስለ እግርህ ያልተነገረህ

ለእንዳልኬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፣ ካለህበት መልስ አይመጣም። አንተ ግን እንዴት ነሽ ብትለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጤና ነኝ፣ በልቼ አድራለሁ፣ ተናድጃለሁ። ኀዘን ሲቆይ ይለዝባል ይላሉ። የኔው አልለዘበም፣ ሥራ ለመደ እንጂ። ጠዋት አብሮኝ ይነሳል፣ ሱቁን አብሮኝ ይከፍታል፣ ማታ አብሮኝ ይዘጋል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ነፋሱ ገንጥሎት አናጢ ጠርቼ አስመታሁት። አንተ ብትኖር «ተይው እኔ እመታዋለሁ» ብለህ እስከ ፋሲካ ታቆየው ነበር። ልጃችን ማስተዋል ጎንደር ገብታ ሒሳብ ትማራለች። ስልክ ስትደውል አነጋገሯ አንተን ሆኗል፣ ጥያቄን በጥያቄ ትመልሳለች። ውሻው አርጅቶ ለሌባም ለዘመድም መጮህ ትቷል። ፓርኩን ስትጠብቅ የምትለብሰውን የስካውት ካፖርትህን አሁን የምለብሰው እኔ ነኝ። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል፣ ግን የደባርቅን ብርድ ከሱ ሌላ የሚችለው የለም። ገበያ ላይ «የሺ፣ ጠመንጃሽስ የታለ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «ለሚያስፈልገው ቀን አስቀምጬዋለሁ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ማንን እያሰብኩ እንደምናገር ግን አያውቁም።

ዛሬ የምጽፍልህ አንድ የሚገባህ ነገር ሳይደርስህ ስለሄድክ ነው። ምን እንደገደለህ ሳታውቅ ሞትክ። የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ካንተ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ። ወንድምህ ነው። አያ ጥጋቡ። ድሮ «እሳቸው» እለው ነበር፣ አሁን በልቤ አንቱታውን አንስቼበታለሁ። በአፌ ብቻ ነው የቀረው።

ነገሩ ሲጀምር አንተ በቀልድ ነበር የያዝከው። ከሳንቃ በር ቱሪስት ይዘህ ስትወጣ ግራ ባትህን ጭምድድ አድርጎ ይይዝሃል። ስትቆም ይለቅሃል፣ ስትሄድ መልሶ ይይዝሃል። መሣሪያ የተሸከመ ስካውት እግሬን አመመኝ ብሎ እንዴት ይቁም? እናም ዘዴ አገኘህ። በያዘህ ቁጥር ቆም ብለህ በዱላህ ገደሉን ታሳያቸዋለህ። እነሱ መነጽራቸውን አውጥተው የሌለ ዋልያ ሲፈልጉ ሕመሙ ይለቅሃል፣ ከዚያ «እንሂድ» ነው። አንድ ቀን እውነትም ዋልያ ተገኘና ካንተ በላይ የደነገጠ እንዳልነበር ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስን። «እንዳንተ እያቆመ የሚያሳይ ሰው አላየንም» ብለው ያመሰግኑህ ነበር።

እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ። ገደሉ ቀርቶ ከቤታችን እስከ መናኸሪያው ድረስ መሄድ አቃተህ፣ በሰው አጥር ሁሉ ቆመህ የሰው ጎመን ስታደንቅ ትውላለህ። አልጋ ላይ እግርህ ሲነካኝ ሌላ ሰው የገባ ይመስለኝ ነበር፣ እንዲያ ይቀዘቅዛል። ጋደም ስትል ይብስብሃል፣ እግርህን ከአልጋው ቁልቁል ስታንጠለጥለው ቀለል ይልሃል። በቅቤ አሸንህ፣ በጨው ውሃ ነከርንህ። በመጨረሻ አያ ጥጋቡ ከዳባት መጥቶ «ጎንደር እንውሰደው» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን አመሰገንኩት።

ክሊኒኩን አስታውስ። አንተ ውስጥ ተጋድመሃል፣ ሐኪሙ እግርህን ቅባት ቀብቶ በመሣሪያ ያዳምጣል። የቀኙ ደም ሽው ሽው ሲል በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። የግራው ዝም አለ። ከዚያ ወጥተህ አግዳሚው ላይ ተቀመጥክ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማህን ክር ማሰር ያዝኩ። ሐኪሙ በሩን ገርበብ አድርጎ «የቤተሰብ ተጠሪ ማን ነው?» አለ። አያ ጥጋቡ ተነሳ። ሌላ ማን ይነሳ? ታላቅህ ነው፣ አሳድጎሃል፣ ዳባት ውስጥ ያለ እሱ የሚታረቅ ጠበኛ የለም። እኛ አገር ክፉ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም። ለታላቁ ይነገራል፣ ታላቁ ይሸከመዋል፣ መጥኖ ያወርደዋል። ስለዚህ እኔም ቀና አላልኩም። ክሩን አሰርኩ።

ሲወጣ ሰው ሲያስታርቅ የሚይዘውን ፊት ይዞ ነበር፣ ወዲህም ወዲያም የማይነበበውን። «ነርቭ ነው ብለዋል። ብርድ ነው። ይሙቅ፣ ይረፍ፣ ጠበል ይነከር» አለ። አንተ እፎይ አልክ። ወደኔ ዞረህ «አላልኩሽም?» አልክ፣ ከዚያ ምሳ ካልበላን ብለህ ተጋቢኖ አዘዝክልን። ያን ቀን ስትበላ የነበረህን ደስታ አስታውሰዋለሁ። እሱ ሐሰት መሆኑን እያወቀ እያየህ አብሮህ ይጎርስ ነበር። ከሁሉ በላይ ይቅር የማልለው ያቺን ምሳ ነው።

ለጠበሉ ይቀርበዋል ብሎ ዳባት ቤቱ አስቀመጠህ። ጠበሉን አልወቅስም፣ ጠበሉ ምን አደረገ? የፈጀህ እሳቱ ነው። እግርህ አልሞቅ ስላለ ምድጃ ዳር አስጠግተው የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ያስደግፉህ ነበር። አንተ አልተሰማህም። «ጨምሩበት» ትል ነበር አሉ። ጨመሩልህ። እኔ ከሱቅ ፋታ አግኝቼ ስመጣ ከበሩ ገና ሳልገባ ሸተተኝ። ጋቢውን ገልጬ አውራ ጣትህን ሳየው ከሰል መስሏል። አንተ ደግሞ «ትንሽ ቆዳዬ ተላጠ» ብለህ ልታረጋጋኝ ሞከርክ።

ይዘንህ ወደ ጎንደር ስንበር ትኩሳቱ ራስህን አስቶህ ነበር። ስለዚህ ኮሪደር ላይ የሆነውን አልሰማህም። ሐኪሙ እግርህን አየ፣ ቀና አለ፣ እኔን አላየኝም፣ አያ ጥጋቡን አየው። «ነግሬዎት አልነበረም?» አለው። ጮክ አላለም፣ እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገረው። ወንድምህ መሬት መሬት እያየ «ልቡ እንዳይሰበር ብዬ» አለ። እኔ መሀላቸው ቆሜያለሁ። አንተ ከመስታወቱ ወዲያ ተኝተህ ባዶውን ግድግዳ በጣትህ ለሰው ታሳይ ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙ ያኔ ለወንድምህ የነገረውን፣ ኮሪደሩ ላይ ለኔም የደገመልኝን ልንገርህ። ለሱ የተነገረ ቢሆንም ያንተ ነውና ስማው። ከጭንህ ወደ ባትህ የሚወርደው የደም ስር ተደፍኗል። እግርህ የቀዘቀዘው ብርድ ገብቶት አይደለም፣ ደም ስላልደረሰው ነው። ስለዚህ በእሳት አይሞቅም፣ ደም ያነሰው ሥጋ ሳይሰማው ይቃጠላል። መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ነው። ከራስህ ጭን ሌላ ስር ያወጡልሃል፣ ከተዘጋው በላይና በታች ይሰፉታል፣ ደሙም በዚያ ዞሮ ይወርዳል። «መስኖ በናዳ ሲዘጋ በጎን ሌላ ቦይ ትቀድዱለት የለ? እንደሱ ነው» ብሎታል። ይህን የሚሠራ ሐኪም አዲስ አበባ አለ፣ እኔ ራሴ ደውዬ አገናኛችኋለሁ፣ ግን አትዘግዩ፣ ከዘገያችሁ እግሩ ይሄዳል፣ እግሩ ብቻም ላይሆን ይችላል። ይኸው ነው የተባለው። አንተ ሽሮህን ስትበላ ይህ ሁሉ በወንድምህ ሆድ ውስጥ ነበር።

ከቀብርህ በኋላ ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት። «ቢላ የነካው ሰው አይነሳም፣ ስንቱን አይቻለሁ። መርዶውን ሰምቶ በፍርሃት ከሚሞት ተስፋ ይዞ ይኑር ብዬ ነው፤ እኔ አፈር ልብላ የሺ፣ ለክፉ አላሰብኩትም» አለኝ። ለክፉ እንዳላሰበው አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። የሁለት ባላጋራ ነገር ሰምቶ መፍረድ ለምዶ፣ ያንተን እግር ነገር ከሐኪሙ ሰምቶ ብቻውን ፈረደልህ። ባለ እግሩን አልጠየቀም። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥም ራስጌ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናዎ» ሲባል ይውል ነበር፣ እኔ ደግሞ እግርጌ ተቀምጬ እንዴት አድርጌ እንደማጠፋው አስባለሁ። አገሩ ያከብረዋል፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ጠመንጃውም የመንግሥት ነው። ጊዜ ብቻ ነበር ያለኝ።

ጊዜም አልዋሸኝም። ለሙት ዓመትህ ከዳባት መጣ። በር ላይ ቆሜ ከመናኸሪያው ሽቅብ ሲወጣ አየዋለሁ። አጥራችን ጋ ሲደርስ ቆመና ድንቹን ማየት ጀመረ። «የሺ፣ ድንችሽ አማረ» አለኝ። ድንቹ ውርጭ መትቶት ጠውልጎ ነበር፣ የሚያምር ነገር አልነበረበትም። ትንሽ ሄደና ደግሞ ቆመ፣ ግንዱን ተደግፎ ባቱን አሸት አሸት አደረገ። ልቤ ዘለለ እንዳልኬ። በደስታ ዘለለ። ቀሳውስቱ ፍትሐት ሲያደርሱልህ ዓይኔ የሱ ባት ላይ ነበር።

ዝም አልኩ። ዝምታውን እሱ ነው ያስተማረኝ። ከዚያ በኋላ በየሰበቡ ዳባት እየወረድኩ አየው ጀመር። እርምጃው እያጠረ ሄደ። «እርጅና ነው» ሲል «ኧረ ምን እርጅና አለ፣ ብርድ ይሆናል» እለዋለሁ። አንድ ቀን ሚስቱ ሱቄ መጥታ እግሩ አልሞቅ ብሎ መቸገራቸውን፣ ቀን ከሌት ምድጃ ስር እንደሚውል ነገረችኝ። ምላሴ ላይ መጣ፣ መለስኩት። የጠየቀችኝን ጨው መዝኜ ሰጠኋት።

እሷ ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እንዳትሳሳት፣ አዝኜለት አይደለም። ሒሳቡ አልመጣልኝ ብሎ ነው። በዚህ ሁኔታ ቢሞት እንዴት ይሞታል? ምን እንደያዘው ሳያውቅ፣ ብርድ ነው እያለ፣ በልጆቹ ተከቦ። ለቀብሩ ወገራ በሙሉ ይወጣል፣ ታላቅ ሽማግሌ ሞተ ይባላል፣ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳኑ ውስጥ እቀመጣለሁ። ምኑን ተበቀልኩት ታዲያ? ሳያውቁ መሞት ለአንተ የደረሰህ ነው። ለሱ ሲያንሰው ነው። እኔ እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።

እናም መርዶ አዘጋጀሁለት። ዳባት ወርጄ የንስሐ አባቱ ጋ ሄድኩና ሁሉን ነገርኳቸው። ቄሱ «ልጄ፣ ቶሎ ይነገረው፣ አሁኑኑ እንሂድ» አሉኝ። እኔ ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት አይሆንም አልኩ። መርዶ በወጉ ነው የሚነገር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቄሱን፣ ከአያ ጥጋቡ በዕድሜ የሚበልጡ ሁለት ሽማግሌዎችንና ጎረቤቶቹን ይዤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጁ ቆምኩ።

በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ሚስቱ በሩን ከፍታ እንዳየችን እጇን አናቷ ላይ ጭና «ወየው! ማን ነው? የቱ ልጄ ነው?» ብላ ጮኸች። እሱ ዱላውን ተደግፎ እየጎተተ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማን ሞተብኝ?» አለ። ሰው ዝም አለ፣ ወጉ እንደዚያ ነው። «በእናንተ ሞት፣ አትደብቁኝ! ንገሩኝ!» አለ።

አትደብቁኝ አለ እንዳልኬ። እሱ።

ያቺን ቃል ከአፉ እስክትወጣ ነበር የጠበቅሁት። «የሞተ የለም አያ ጥጋቡ» አልኩት፣ በአንቱታ ነው የወጋሁት፤ «እየሞተ ያለው የርስዎ እግር ነው። እንደ እንዳልካቸው እግር። ልነግርዎት መጣሁ።» ከዚያ ሁሉንም በሰው ፊት አወረድኩት። ስሩ እንደሚዘጋ፣ እሳቱ እንደሚያቃጥል፣ ከጭን ስር አውጥተው እንደሚሰፉ፣ ይህን እሱ ካንተ በፊት ያውቀው እንደነበር፣ ምን ብሎ እንደዋሸህ፣ ያቺን ምሳ ጭምር። አንዱ ሽማግሌ ሰምተው ሲጨርሱ ዱላቸውን መሬት አስደግፈው «ጥጋቡ፣ ይህ በሌላ ሰው ቤት ሆኖ አንተ ብትሸመግል ምን ትፈርድ ነበር?» አሉት። ያ የማይነበበው ፊቱ ያን ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለእርቅ የጠራው የለም።

ልጆቹ ወደ ጎንደር ሲወስዱት እኔም አብሬ ሄድኩ። ያው ክሊኒክ፣ ያው ሐኪም፣ ያው አግዳሚ። በሩ ተከፈተና «የቤተሰብ ተጠሪ?» ተባለ። ታላቅ ልጁ ብድግ ሲል በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። «ባለ እግሩ ይኸው ተቀምጧል፣ ለራሱ ይንገሩት» አልኩ። ሐኪሙ አወቀኝ። ወንበር ስቦ ከፊቱ ተቀመጠና አንድ በአንድ ነገረው። ላቡ ሲወርድ አየሁ። ሰምቶ ግን አልሞተም። ፈራ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ጠየቀ። አንተም እንደሱ ትጠይቅ ነበር። እኔ አውቅሃለሁ፣ ትንሽ ትሳደብና ትጠይቅ ነበር።

አዲስ አበባ ሠሩለት። ከጭኑ ስር አውጥተው ሰፉለት። ልጁ ከዚያው ደውሎ «እትዬ የሺ፣ የአባባ እግር ሞቀ!» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሱቁ ውስጥ ከጆንያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ እንዳይመስልህ። ይቻል ነበር ብዬ ነው። ይቻል ነበር እንዳልኬ፣ በገዛ እግርህ ትሄድ ነበር፣ የኔ እግር ከጎኑ የሞቀ እግር ያገኝ ነበር።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ ባለፈው ሰሞን፣ ቄሱንና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ከመናኸሪያው እስከ ደጃችን ያለውን ዳገት ወጣው፣ አንድም ቦታ አልቆመም። አጥሩን አለፈ፣ ድንቹን አላየም። እያየሁት ደሜ ፈላ። ደጃፌ ተንበርክኮ «በክርስቶስ ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለ። እንዲህ ሲሆን ድንጋዩን ተቀብሎ ማውረድ ነው ደንቡ። ሽማግሌዎቹ እጄን እጄን ያያሉ። እኔም እጄን ከካፖርትህ እጅጌ ውስጥ አላወጣሁም። «ባለ ጉዳዩ እኔ አይደለሁም» አልኩ፤ «ባለ ጉዳዩ እላይ ደብሩ ጋ ተኝቷል። እግርዎ ደህና ነው፣ ይሂዱና እሱን ይጠይቁ።» ቄሱ ከፋቸው። እሱ ግን ተነሳና ድንጋዩን እንደተሸከመ ሽቅብ ወደ ደብሩ ሄደ።

ብዙ ቆየ። ሲመለስ ድንጋዩ የለም፣ ዓይኑ አብጧል። አልጠየቅኩትም። ሽማግሌዎቹ «አሁንስ?» ሲሉኝ «እኔ ገና ነኝ» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጨካኝ ሆነች እያሉ ነው። ይበሉ። ስጸልይ ግን ዕድሜውን እለምንለታለሁ፣ ብትሰማኝ ትስቃለህ። ረጅም ዕድሜ፣ የሞቀ እግር። ዳገቱን ሁሉ ሳይቆም ይውጣ፣ በወጣ ቁጥርም አንተ የተነፈግኸውን እየረገጠ መሆኑን ይወቅ። በልጅ ልጁ ሠርግ ላይ ይጨፍር፣ ሲጨፍርም ይወቅ።

አንተን አልረሳህም። እኔ እስካለሁ እሱም እንዳይረሳህ አደርጋለሁ፣ ያቺ በጄ ናት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሆደ ቡቡነትህን አውቃለሁ፣ የሰረቀህን ሰው ሳይቀር ቀዝቅዞት ይሆናል ብለህ ጋቢ የምትሰጥ ሰው ነበርክ። ያ ሽማግሌ መቃብርህ ላይ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ጨክነህ ዝም ማለትህን እጠራጠራለሁ። ይቅር ብለኸው ከሆነ፣ ለኔ አትንገረኝ።

የሺ